ማንም የማይጠቅሰው መጽሔት

ጥቅምት 4

ዛሬም ማተሚያው ወረቀት ዋጠ። ሆዱን ከፍቼ ስጎለጉል ግማሹ ጠዋት ሄደ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆነ። አዘጋጃችን ጋሼ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና «ቀዶ ጥገናው እንዴት ሆነ?» አሉ። «በሽተኛው ተርፏል፣ ሐኪሟን እንጃ» አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቀነቀው፣ ድምፅ የለውም።

ስለ ሌሊት ወፍ አዲስ ጽሑፍ መጥቷል። ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ገቡበት። ተመራማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ቀዩ እስክሪብቶ» ነው የሚሏቸው። እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ እርማቱን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ፣ መጽሔቱ ይወጣል። ስለ እንስሳት ብቻ የሚጻፍበት መጽሔት... ስንት ዓመት ሆነን? ስጀምር ወገቤ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ በላይ አልቆጥርም።

ከሰዓት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብቅ አለ። ድሮ የጋሼ ተማሪ ነበር፣ ዛሬም እሳቸው ፊት እጁን ኪሱ አይከትም። «ጋሼ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ቢሮ አንዲት ባለሙያ ትመጣለች፣ መጽሔቱን ልታጠና።»

«መጽሔት የሚጠናው ሲነበብ ነው። ትምጣ፣ ታንብብ» አሉት።

አልሳቀም። ለምን አልሳቀም?

ጥቅምት 9

መጣች። ልጅ እግር፣ ጉንፋን የያዛት፣ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ያቀፈች። ወንበር ላይ ያለውን የወረቀት ክምር አንስቼ አስቀመጥኳት። ሻይ ሰጠኋት፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ጠጣች። አሳዘነችኝ... ለምን እንደመጣች እስክትናገር።

ሁለት ነገር ነው የምታየው። አንደኛ፣ ባለፉት ዓመታት ሰው ስለ ምን ስለ ምን እንስሳ ሲጽፍ እንደኖረ። ሁለተኛ፣ እኛ ያተምነውን ማን አንስቶ እንደጠቀሰው። «የተጠቀሰ መጽሔት ይኖራል፣ ያልተጠቀሰ ከዋናው ቢሮ ትልቁ መጽሔት ጋር ይጠቃለላል» አለች። አለስልሳ ነው ያለችው። ይጠቃለላል ማለት ይዘጋል ማለት መሆኑ እንኳን ለጋሼ ለእኔም ገብቶኛል።

ጋሼ «ሥራሽን ሥሪ ልጄ» ብለው ወደ ሌሊት ወፋቸው ተመለሱ።

ማታ ለእታለም ነገርኳት። ታላቅ እህቴ ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነን፣ ልብስ ትሰፋለች። መርፌ አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ቆጣሪ መጣችባችሁ በይኛ። እንደ መብራቱ ናታ፣ ያልከፈለ ይቆረጣል» አለች። ቆጣሪዋ ብዬ ቀረሁ እኔም።

ጥቅምት 10

ጉንፋኗን ለእኔ አስተላለፈች። ሌላ ያገኘነው የለም።

ጥቅምት 17

ዛሬ ደስ ያለ ቀን ነበር፣ ለምን እደብቃለሁ? የመጽሔቱን ቁጥሮች ሁሉ ከመደርደሪያ አውርደን ወለሉ ላይ ዘረጋን። ቆጣሪዋ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለ በርጩማ ላይ። «ይሄ ስለ ምንድነው እትዬ?» «ጃርት።» «ይሄስ?» «ስለ እርግብ።» «ይሄ?» «የእንቁራሪት ጩኸት... ሰውየው ረግረግ ውስጥ አድሮ ነው የቀዳው፣ ሲመጣ ሳል ይዞት ነበር።» ታይፕ ትመታዋለች። ትስቃለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም።

በመጨረሻ ሥዕል አወጣችለት፣ በቀለም። የፊተኞቹ ዓመታት ወፍ፣ ዓሣ፣ አይጥ፣ ጉንዳን... ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ ይመጣና የላብራቶሪው ነገር ይወፍራል። ደም፣ ተውሳክ፣ ዘረመል። ጋሼ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰው ሜዳ መውጣት ትቷል ማለት ነው» አሉ።

«አቅጣጫው እንደዛ ነው ጋሼ፣ በየትም አገር።»

«እንስሳው ሳይታይ ደሙ ብቻ ይመጣል።»

እሷ ያየችውን ነው የሳለችው። እኔም ትዝ አለኝ... ድሮ ተመራማሪ ሲመጣ ጫማው ጭቃ ነበር፣ ወለሉን ስወለውል እረግማቸው ነበር። አሁን ሁሉም ንጹሕ ናቸው።

ጥቅምት 24

የሁለተኛው ውጤት መጣ። መጥፎ ነው። በጣም መጥፎ። ሌሎች መጽሔቶች የእኛን አልፎ አልፎ ያነሳሉ... እኛው ራሳችን ግን፣ የእኛው ጸሐፊዎች በእኛው ገጽ ላይ፣ አንድም ቦታ የቀደመውን የእኛን ሥራ አላነሱም። ቆጣሪዋ ግራ ገባት። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፣ የትኛውም መጽሔት ራሱን ትንሽ ይጠቅሳል» አለች። ጋሼ ውጭ ነበሩ። እኔ የምታየውን ወረቀት አየሁ። ባዶነቱ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። የተወለወለ ወለል የወለወለችውን ይገርማታል? የእኛ ቤት ወግ ነው፣ ጋሼ ያወጡት፣ ጥሩ ነው ብዬም ነበር የማስበው።

እራት ላይ ለእታለም ሳወራት፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «ሾርባው ራሱ ጨው የለውም» ብላ ተነሳች።

ኅዳር 2

ፈነዳ።

የሌሊት ወፉ ጽሑፍ ባለቤት በአካል መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አፉ በር የለውም። ጋሼን ሰላም ሳይል ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ባለፈው ቁጥር ላይ የወጣውን ሌላውን ጽሑፌን አየሽው? ከዚሁ መጽሔት ድሮ የወጡ ጥናቶችን ዋቢ አድርጌ ነበር የላክሁት። ታትሞ ሳየው አንዳቸውም የሉም። የሠራሁባቸው እነሱ ናቸው እኮ፣ ከሰማይ ያወረድኩት ነው የሚመስለው» አለ።

ቆጣሪዋ ጥግ ላይ ነበረች። ጣቶቿ ቆሙ።

ጋሼ ምንም አልደነገጡም። «እኔ ነኝ የሰረዝኩት» አሉ፣ ሰዓት እንደሚናገሩ።

«የእሱን ብቻ?» አለች እሷ።

«የሁሉንም። ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ። ሙሽራ ለራሷ አትዘፍንም ልጄ። የእኛ መጽሔት የእኛን መጽሔት ሲያነሳ... ነውር ነው። ሌላው ያንሳን፣ ካነሳን።»

ከኮሪደሩ የሚሄድ ሰው ጫማ ብቻ ይሰማል።

ቆጣሪዋ ኮምፒውተሯን ዘጋች። ቀስ ብላ ነው ያስረዳቻቸው፣ እንደ ልጅ ለአባት። ዋቢ ውዳሴ አይደለም አለች፣ መንገድ ነው። የዛሬውን ያነበበ ሰው በዋቢው ተመርቶ የድሮውን ያገኛል፣ ከዚያ እሱም ይጠቅሰዋል፣ ከውጭ ያለውም እንዲያው ነው የሚመጣው። «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ራስዎ ቤት የሚያስገባውን መንገድ ሲያፈርሱ ነው የኖሩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ንጹሕ ነበር። እንደገና ጠረጉት።

የሌሊት ወፉ ሰውዬ፣ መጥፎ ነገር የተናገረ መሆኑ አሁን ገና ገብቶት፣ «ለእኔ ግድ የለም እኮ» አለ። ለማን ነው ታዲያ ግድ ያለው?

ኅዳር 5

ቆጣሪዋን ለብቻዋ ያዝኳት፣ ደረጃው ላይ። «የተሰረዘው እንዲቆጠርልን አይቻልም ወይ? ሰዎቹ ጠቅሰው ነበር እኮ።» «የሚቆጠረው የታተመው ነው እትዬ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጉንፋኑ ይሆን አይሆን እንጃ። «ግን ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። የሚቀጥለው ቁጥር ሳይሰረዝ ከወጣ፣ ነገሩ እየተስተካከለ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ጊዜ ይሰጧችኋል።»

ኃላፊው ከሰዓት መጣ። ዛሬ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ብቻ። ጨምሩ አላልኩም፣ ውሸት ጻፉ አላልኩም። ሰዎቹ የጻፉትን ይተዉላቸው። ከዚያ መጽሔቱ ይተርፋል።»

ጋሼ ረቂቆቹን ሁሉ በከረጢት ከትተው ወደ ቤት ወሰዱ። «አያቸዋለሁ» አሉ።

ቀስ ብለው ነው የወጡት፤ የከበዳቸው መሄዱ ነው ወይስ ከረጢቱ?

ኅዳር 9

ረቂቆቹ መጡ። የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ቀይ። ዋቢዎቹ ሁሉ ላይ፣ በቀጭኑ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል።

«ጋሼ...»

«አልቻልኩም። ትቼው ተኛሁ፣ ተነስቼ ሰረዝኩት። እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ እስከ ዛሬ ሰርዣለሁ ስል ታስገቢ አልነበር? አስገቢዋ» አሉ። በቁጣ አይደለም። እንደ ልመና ነው የሆነብኝ።

ኅዳር 12

አንዷን ተውኳት። የሌሊት ወፉን። ቀዩ መስመር ያለበትን ዋቢ ሁሉ እንዳለ ትቼ አተምኩና ለመጨረሻ ንባብ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። አያዩትም ብዬ? አላውቅም ምን ብዬ እንደሆነ። አንድ ነገር ሲሞት ዝም ብሎ ማየት አቃተኝ፣ ያው ነው።

አዩት እንጂ። ወረቀቱን ይዘው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ረስቼው ይሆናል ጋሼ።»

«አንቺ ረስተሽ አታውቂም።»

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፣ ሰሌዳው ላይ ያለችውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። «ሰው ሊረሳ ይችላል» አልኩ። «ይችላል» አሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ ቆመው ሰረዙት። አንዷ ዋቢ ላይ ሲደርሱ ግን ቆዩ። የእሳቸው መምህር የጻፉት ነው፣ አሁን በሕይወት የሉም። እስክሪብቶው አየር ላይ ቆየ። ሰረዙት።

ኅዳር 21

ደብዳቤው መጣ፣ አጭር ነው። መጽሔቱ ተጠቃሏል። ጋሼ ጡረታ ይወጣሉ፣ እኔ ምድር ቤት ወደ ተማሪዎች መዝገብ እዛወራለሁ። ክፍሉ የአሮጌ ኮምፒውተሮች ማስቀመጫ ይሆናል።

ቆጣሪዋ ልትሰናበተኝ መጣች። «የምችለውን ጽፌ ነበር እትዬ።» አቀፍኳት። ምን ላድርግ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል። ክፉም አልሠራችም፣ ቆጠረች።

ታኅሣሥ 3

ቁጥሮቹን በካርቶን ሞላን፣ እኔና ሁለት ተሸካሚዎች። አንደኛው «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ስለ ምንድነው?» አለኝ። «ስለ እንስሳት» አልኩት። «እኛንም ጻፉን በይኛ፣ ከአህያ ምን ያንሰናል» ብሎ ካርቶኑን ጫነ። ሳቅሁ። ኋላ ዕቃ ቤቱ ሲቆለፍ ነው ያለቀስኩት።

ጋሼ አልመጡም።

ታኅሣሥ 19

አዲሱ ሥራ... ስም፣ የአባት ስም፣ ፎቶ፣ ማኅተም። ስም፣ የአባት ስም። ቀኑ ይሄዳል። እታለም «ተኮሳትረሽ ተኮሳትረሽ ፊትሽን ልተኩስልሽ?» ትለኛለች።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሚስታቸው ናቸው ያነሱት። «ይጽፋል» አሉኝ። ምን እንደሚጽፉ አልጠየቅኩም።

ጥር 26

ጋሼ መጡ። መስኮቱ ጋ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፈው ሳያቸው አላመንኩም። ከስተዋል። ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው፣ አልቀመጥም አሉ።

ስለ እንቁራሪቶች ጽፈዋል። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው፣ በወጣትነታቸው የጀመሩት። በራሳቸው መጽሔት ላይ አውጥተውት አያውቁም፣ አዘጋጅ የራሱን አያትምም ብለው። አሁን ለትልቁ መጽሔት ልከውታል። ለዚያ ለዋጠን። «ሌላ የት አለ?» አሉኝ፣ እኔ ሳልጠይቅ።

መልስ መጥቷል። ወድደውታል፣ ያትሙታል። አንድ ነገር ብቻ... ከእነሱው መጽሔት የወጡ ጽሑፎችን በዋቢ ይጨምሩልን ብለዋቸዋል። ርዕሶቹንም ራሳቸው መርጠው ልከዋል።

ጋሼ ኮምፒውተር አይነኩም። ለዚህ ነው የመጡት።

በሩን ዘጋሁት። ስክሪኑን ከፈትኩ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ያነቡልኛል፣ እኔ እመታለሁ። የዶሮ በሽታ። የከብት መዥገር። የላም ወተት...

«ጋሼ፣ አንብበዋቸዋል?»

«አንዱን» አሉ።

ቀጠልኩ። ውጭ ተማሪዎቹ መስኮቱን ያንኳኳሉ። ወረቀቱ አለቀ፣ እኔም ጨረስኩ። ዞር ብዬ «ይኸው ነው? ወይስ የቀረ አለ?» አልኳቸው።

ስክሪኑን ነው የሚያዩት፣ እኔን አይደለም።

«ካነሰ መልሰው ይልኩታል» አሉ። «ሁለት ሦስት ጨምሪበት።»

«የትኞቹን?»

«ያገኘሽውን።»