ከጭድ ክምር የወረደ ምክር

ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት ዘውዱ
ዱባይ

የዓይኔ ማረፊያ ስርጉትዬ፣

እኔ አባትሽ ባለፈው ማክሰኞ የጉናን ተራራ በአየር ተሻግሬ እስቴ ላይ አረፍኩ።

እሺ፣ እስቴ አልደረስኩም። ጉናም ትንሽ ይቅር። የዘለልኩት ከአውድማችን የጭድ ክምር ላይ ነው። መዝለሌ ግን እውነት ነው፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺ ከሰማይ እየወደቅሽ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔ ከጭድ ወድቄ ደህና አይደለሁም። የማን ጤንነት እንደሚጠየቅ ግራ ገባኝና ሰላምታውን እዚህ ላይ ተውኩት።

ደብዳቤሽን ማንም ሳያነብልኝ፣ በራሴ ዓይን፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት። እስከ ዛሬ የሚያነብልን ጎረቤታችን ሞላ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሲያነብ ከራሱ ይጨምር ነበር መሰለኝ፣ በየደብዳቤሽ መጨረሻ "ለሞላም ሰላምታዬ ይድረሰው" የሚል አይጠፋም ነበር። በዚህኛው ላይ ሁለት ጊዜ ፈለግሁት፣ የለም። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን መምህርት እሌኒ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ ብላለች። አንደኛ ያለችኝ ቀድሜ በመግባት ነው፤ ያም ቢሆን አንደኛ አንደኛ ነው።

ግን ምነው ልጄ፣ ማንበቤን ጠብቀሽ እንዲህ ያለ ነገር ጻፍሽልኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ አጣፊ ነኝ ስትዪን እኔና እናትሽ የሆቴል አንሶላ መስሎን ነበር። ለካ የምታጥፊው ሰዎች ከአውሮፕላን ሲዘሉ የሚይዛቸውን ዣንጥላ ኖሯል። ይሁን፣ ማጠፍ መልካም ሥራ ነው። "ያጠፍኩትን ራሴ ተሸክሜ መዝለል ጀመርኩ" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ግን የተሳሳትኩ መስሎኝ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ነካኋቸው። አልተሳሳትኩም።

እስቲ ግራ የገባኝን ልጠይቅሽ። አውሮፕላኗ እናንተን ካራገፈች በኋላ ባዶዋን ትወርዳለች ወይስ እዚያው ትቀራለች? የምትወርድ ከሆነ አብረሽ ብትወርጂ ምን ነበረበት? መምህርት እሌኒን ብጠይቃት "አባ ዘውዱ፣ ለዛሬ ወደ ንባባችን እንመለስ" አለችኝ።

ለመዝለል የምትለብሺው ልብስም አልገባኝም። በእጅጌውና በእግሩ በኩል ነፋስ ገብቶ ይነፋዋል፣ ያን ጊዜ የለበሰው ሰው ሲወድቅ ወደ ፊት ይሄዳል ብለሻል። ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ፊት? "ሁለቱንም ነው አባየ" ትያለሽ። እኔ ከበቅሎ ወድቄ አውቃለሁ፤ አንዱን ብቻ ነበር።

የዝላይ አስተማሪሽ ደግሞ ደረትሽን ወደ ውስጥ ሰብስቢ፣ ትከሻሽን ወደ ፊት አምጪ፣ አገጭሽን ቅበሪ፣ እጅሽን ከጎንሽ ትንሽ ለቀቅ አድርገሽ መዳፍሽን ወደ ታች አዙሪ፣ እግርሽን እስከ ጣትሽ ጫፍ ወጥሪ ይልሻል። ጉድ ነው። እዚህ አገር ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄድ። ደረቱን ሰብስቦ አገጩን ቀብሮ የሚሄድ ፍርድ ቤት የተጠራ ብቻ ነው። አየሩ ግን እንደዚያ ያለውን ሰው ይሸከማል ካልሽ፣ አየሩ ከእኛ ጋር አልተዋወቀም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ መሀል በደንብ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ስምንት ሆናችሁ አብራችሁ ትዘላላችሁ። ዣንጥላ ከመዘርጋታችሁ በፊት እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ተንሳፍፎ ከሌላው መራቅ አለበት፤ ያልራቀ ከሌላው ዣንጥላ ጋር ይጋጫል። አንቺ ደግሞ መራቅ አቅቶሻል። ሌሎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ አንቺ ከሥራቸው ትሰምጫለሽ። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ፈተና አለብሽ፤ ብቻሽን ተንሳፍፈሽ መራቅ መቻልሽን ካሳየሽ ከቡድኑ ትገቢያለሽ። "አባየ ወይም እማየ፣ ከሁለት አንዳችሁ አይሆንም ካላችሁኝ ግን ልብሱን መልሼ ወደ ማጠፌ እገባለሁ" ብለሽ ጨረስሽ።

በደብተሬ ላይ እሺ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ እንቢ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ቆንጆ ሆነው ወጡልኝ። አስቀምጬ አያቸው ጀመር፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ስለዚህ ወደ ቪዲዮው ሄድኩ። ከደብዳቤው ጋር በስልኩ የላክሽውን እኔ ዓይኔን ሳላርገበግብ ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። እናትሽ አለምወርቅ ግን አልቻለችም። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ስልኩን በፊቱ ደፋችና "ገብሱን ዶሮ ሊጨርሰው ነው" ብላ ወጣች። ዶሮ የለንም።

እንግዲህ ሰባት ጊዜ ያየ ሰው የሚለውን ስሚ። ከበሩ እንደወጣሽ እግርሽ ደህና ነው፣ ቀጥ ብሏል። ሌሎቹ የት ደረሱ ብለሽ ቀና ስትዪ ነው ነገር የሚበላሸው። አገጭሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገብሽ ይሰምጣል፣ ወዲያው ጉልበትሽ ይታጠፋል። የታጠፈው ባትሽ ነፋሱን እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትትሻል። እጅሽ ምንም አላጠፋም፣ እጅሽን አትነካኪው። ሌሎቹን አትዪ። የሚታይ ነገር ካስፈለገሽ ክንድሽ ላይ ያሰርሽውን ከፍታ የሚናገረውን ሰዓት እዪ፤ እሱ ዣንጥላውን የምትዘረጊበትን ይነግርሻል፣ ሌሎቹ ግን ምንም አይነግሩሽም።

ይህን ብዬ በቃል ብቻ መተው አሳፈረኝ። ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ በሲባጎ ሰፍቼ እጅጌና እግር አወጣሁለትና ክምሩ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ በጉና በኩል ደህና አድርጎ ይነፍስ ነበር። ሞላ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

"አያ ዘውዱ፣ ጆንያ ውስጥ ምን ገቡ? እብናት ገበያ ወስጄ ልሽጥዎት?"

"አንተ ዝም በልና የማርፍበትን በክንድ ለካ።"

"ይህ የማታ ትምህርት ጉድ አፈላ! የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?"

"አንተ ካነበብክልኝ ገጾች ላይ የለም" አልኩትና ዘለልኩ።

ልብሱ ተነፍቷል። እኔም ደረቴን ሰብስቤ፣ አገጬን ቀብሬ ነበር። ግን መሬቷ ፈጥና መጣች። ሞላ ሊለካ ክንዱን ዘረጋና መልሶ አጠፈው፤ የሚለካ አልነበረም። ከክምሩ ሥር፣ ጭዱ ላይ፣ በወገቤ። እናትሽ ከቤት ወጥታ ከላዬ ቆመች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ጉልበትህን አጠፍክ" አለችኝ።

"ምን?"

"ክምሩን እንደለቀቅህ ጉልበትህን አጠፍክ። እንዲያ ከሆነ ማን ይሸከምሃል?"

ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ይህን ከወዴት አመጣችው ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ኋላ ትደርሺበታለሽ። በማግስቱ ወንዛዬ ፍልውሃ ወስዳ ሁለት ቀን ዘፈዘፈችኝ። እዚያ የሚታጠቡት ሰዎች ምን ጣለህ ሲሉኝ ለልጄ ፈተና እያጠናሁ ነው አልኳቸው። አንዷ ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

አሁን ትንሽ ይሻለኛል። ገብሱ ገብቷል። ጥጃዋ ጡት ተወች። ይህን ወረቀት መምህርት እሌኒ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ግን በስልክ ድምፄ የሚያወጣውን አላምነውም። ብዕር ደግ ነው፣ ቢንቀጠቀጥም ጀማሪ ነው ይባላል።

ልጄ፣ ነፋሱ የሚያውቅሽ ይሁን። የጠቀለልሽው ሁሉ በጊዜው ይዘርጋልሽ። የደብረ ታቦር ኢየሱስ ከወጣሽበት በእግርሽ ያውርድሽ።

አባትሽ ዘውዱ
(ይህ ፊርማዬ ነው፣ የጣት አሻራ አይደለም)

መምህርት እሌኒ ከፊርማ በታች ምንም አይጻፍም ብላን ነበር። ግን እናትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የጻፍከውን አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። ዶሮው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

ስርጉትዬ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሰባት ጊዜ ያየሁት እኔ አይደለሁም። በሩ ሲከፈት ስልኩን የደፋሁት፣ ዶሮ ብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያየችው እናትሽ ናት። በጣቷ እያስቆመች፣ እየመለሰች፣ መሬት እስክትደርሺ። ስለ አገጭሽ፣ ስለ ወገብሽ፣ ስለ ጉልበትሽ የጻፍኩት ሁሉ የእሷ ዓይን ነው፤ እኔ ብዕሩን ብቻ ይዣለሁ። አሁንም "ይህንን ጨምርበት" ትለኛለች፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

"ስርጉት ስትፈራ ጉልበቷን ትሰበስባለች። ሳዝላትም እንዲሁ ነበረች፤ ጅብ በጮኸ ቁጥር ጉልበቷ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። አስተማሪዋ ይህን ከየት ያውቀዋል? ንገራት። ትፍራ። እግሯን ግን ትዘርጋ። እኔ እሺ ብያለሁ።"

እናትሽ አብራሽ ወርዳለች ልጄ። እኔ ገና በሩ ላይ ነኝ። እንቢ አላልኩም፤ ቅዳሜ ዝለይ። መሬት እንደረገጥሽ ደውዪልኝ፣ ያን ጊዜ ከቪዲዮው የቀረውን አየዋለሁ።