የቡራዩ ጓሮዬና የኦቦ ዲኖ ላም

መስከረም 9
ጎመን ዘራሁ። ቆስጣም። ምን ልሥራ ታዲያ... ጡረታ የወጣ ሰው አፈር ይጭራል። ትየባ ክፍል ሳለሁ ጣቶቼ አያርፉም ነበር።

መልከጼዴቅ ግንቦት ላይ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ለባሌ አላለቀስኩም። ለቀስተኛው «ድንጋይ ናት» ብሎ አምቶኛል አሉ። የነገረችኝ ጎረቤቴ ፈቲያ ናት፤ ወሬ እሷ ዘንድ አያድርም። «ወይንዬ፣ እኔ ግን ተከራክሬልሻለሁ!» አለች። ምን ብላ ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ልጄ ሀሴት ደወለች። «እማ፣ ቤቱን አከራዪውና ሰሚት እኔ ጋ ነዪ። ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ላስብበት አልኳት። ብሄድም ባልሄድም ለኔ አንድ ነው።

ጥቅምት 21
ፈቲያ ጎትታ ገፈርሳ ወሰደችኝ። ውሃው ዳር ቆመን የተጠበሰ በቆሎ በላን። «አያምርም?» አለች። ያምራል አልኩ። ያምር ነበር? እንጃ... ውሃ ነው።

ኅዳር 14
ሶያማ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችኝ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከአገሯ ከደቡብ ችግኝ ይዛ መጣች። እኔ ሳልኖር ጓሮ ተክላው አገኘሁ። ሙዝ ነው መሰለኝ።

ጥር 16
ሱሉልታ። የፈቲያ እህት ቤት ተጋብዘን ነው። ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ ሜዳው ላይ አበረረው። ፈቲያ ጫማዋን ጥላ ተከትላው ሮጠች። እኔ ቆሜ አየሁ። የሌላ ሰው ነጠላ ይመስል።

መጋቢት 5
«ሶያማ፣ ሙዙ መቼ ነው የሚያፈራው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳቋ አላስቆም አላት። «እማማ! እንሰት እኮ ነው! ቆጮ በልተው አያውቁም? እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይታገሱታል።»

ፈቲያ ሰፈሩን አዳረሰችው። ዛሬ ሱቅ ስገባ «እትዬ፣ ሙዙ ደረሰ?» ተባልኩ። ሁሉም ሳቀ። ፈገግ አልኩ... ለወጉ።

ሚያዝያ 19
ሰበታ ሄድን። ተመለስን።

ግንቦት 23
የመልኬ ሙት ዓመት። ዘመዶቹ መጥተው ጥቁሩን አስወለቁኝ። የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 28
ሀሴት ቆርጣለች። ጳጉሜ ላይ የጭነት መኪና ይዛ ትመጣለች። እሺ አልኩ። ድስቶቹን በጋዜጣ ጠቀለልኩ።

ነሐሴ 17
ጠዋት ጓሮ የሚሰበር ነገር ሰማሁ። ብወጣ... የጎረቤቴ የኦቦ ዲኖ ላም! አጥሩን ጥሳ ገብታ እንሰቱን እየዘነጠለች ታኝካለች። ጎመኑን ረግጣ ጭቃ አድርጋዋለች። መጥረጊያ አንስቼ «ውጪ! ውጪልኝ አንቺ!» አልኩ። ከየት የመጣ ድምፅ ነው? ሰፈሩ ወጣ።

ኦቦ ዲኖ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እየተንጎራደደ መጣ። «አዴ፣ ምን ሆኑ? ላም እኮ ናት። አጥር ታውቃለች?»

«ባለቤቷ ያውቃል!»

«አሁን ጥለውት ሊሄዱ ላሉት ጓሮ ነው ይህ ሁሉ?»

እንዲህ አለኝ! ፈቲያ ነግራው ነው፣ ሌላ ማን ይነግረዋል። «ማነው እሄዳለሁ ያለው?!» ብዬ ጮህኩበት። ማን ነበር ያለው? እኔው ነኝ... ድስቶቹን የጠቀለልኩት እኔው።

ፈቲያ ደርሳ አቀፈችኝ። «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

«ጓሮዬ ወድሞ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?»

«ተቆጣሽ እኮ ወይንዬ! ተቆጣሽ!»

ሁሉም ሲበተን የተረገጠው ጎመን መሃል ቁጭ አልኩ። በላሚቱ ተናደድኩ። በኦቦ ዲኖ ተናደድኩ። ቀጥሎ በመልኬ... አጥሩን ሳያጠብቅ፣ ምንም ሳይለኝ ጥሎኝ ሄደ። ያኔ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ሶያማ ከፋብሪካ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ አለች።

ጳጉሜ 2
ዓመቱን ወደ ኋላ ሳየው ሌላ ሰው የዞረው ይመስለኛል። ገፈርሳ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ... እግሬ ነው የሄደው። ሰበታ ምን አየን? ፈቲያን ልጠይቃት።

ሀሴት ረፋዱ ላይ መኪናውን ይዛ መጣች።

«እማ፣ እቃው የታለ?»

«ፈታሁት። አልሄድም።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር? ቤት አስተካክዬ፣ ክፍል ቀለም አስቀብቼ!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። እሺ ስልሽ የምለውን አላውቅም ነበር።»

«እዚህ ማን አለሽ?»

«የምጣላው ሰው አለኝ።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ምን?»

«ኦቦ ዲኖ ገና ይቅርታ አልጠየቀኝም። አጥሬንም አላጠረልኝም። የት እሄድለታለሁ?»

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አለቀሰች። «የምትጣዪው ሰው አለሽ... የምትናፍቂው ልጅስ?» ብላ መኪና ውስጥ ገባች። ያዘጋጀሁትን ምሳ እንኳ አልቀመሰችም።

በሩ ላይ ቆሜ መኪናው ባዶውን ሲዞር አየሁ። አንጀቴ ተንሰፈሰፈ።

ግን አልተከተልኳትም።