በአንድ ፍሪዘር ሁለት እርድ

ነሐሴ 10፣ እሑድ

ጥፋተኛዋ ተዋበች ናት። ይህ አስቀድሞ ይጻፍ።

የባሌ እህት። ከአዲስ አበባ በባቡር ከመጣች ስምንት ቀኗ። ጡረታ የወጣች መምህርት። ስሟን ሙሉውን መጻፍ እጄን ያደክመኛል፤ ከዚህ በኋላ ተ. እላታለሁ።

ከቤ/ክ ስመለስ የፍሪዘሩ ክዳን ተከፍቷል። ወለሉ ውሃ። ተ. ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አስራ በእንጨት ማንኪያ በረዶ ትፈቀፍቃለች። ትናንት መብራት ጠፍቶ በመዋሉ በረዶው ላላ ብሎ አገኘችው፤ በዚያው ላጽዳልሽ ብላ ነው። ሥጋው እንደ ድንጋይ እንደሆነ ነው፣ አይዞሽ ትላለች። እኔ ስለ ሥጋው ድንጋይነት መቼ ጠየቅኩ።

ማጽዳቱስ ይሁን። ክሮቹ ግን የሉም። ከየፌስታሉ አፍ ላይ ቆርጣ ጥላቸዋለች፤ ቀዩንም ነጩንም። በምትኩ ወረቀት ለጥፋለች። ጽሕፈቷ እንደ ማተሚያ ቤት ነው። ዶሮ። ፍየል። ቅቤ። ዶሮ ከዶሮ ጋር፣ ፍየል ከፍየል ጋር። ለሰልፍ የቆሙ ተማሪዎች ይመስላሉ።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ አሻ ፍሪዘር የላትም። አጥራችን አንድ ነው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ይህን እንደ ሣጥን ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ከጅቡቲ ካመጣበት ቀን ጀምሮ የሷም ሥጋ የሚቀመጠው እዚህ ነው። የእስላም እርድ በቀይ ክር፣ የክርስቲያን እርድ በነጭ ክር። እሷ የእኔን አትበላም፣ እኔ የእሷን አልበላም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የጀመርኩት ሥራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያም በኋላ ክሩን አልተውኩም። አሻ የቁርአኑን እንጂ የአማርኛውን ፊደል አታነብም። ክር ግን ሁለታችንም እናነባለን።

አሁን ውስጡ ያለው፦ የአሻ፣ በአረፋ የታረደ ፍየል አምስት ፌስታል፣ ዶሮ ሁለት። የኔ፣ በቅበላ የታረደ ፍየል አራት ፌስታል፣ ለፍልሰታ ፍቺ ያልኳቸው ዶሮዎች ሦስት። የኔን ያረደልኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፣ አርዶ በማግሥቱ ሄደ። ወንድ በሌለበት ቤት የሚታረደው አራጅ የተገኘ ቀን ነው።

ፌስታሉ ሁሉ ጥቁር። ሥጋው ሁሉ በረዶ የለበሰ። የቱ የማን ነው?

ተ. ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም።


ነሐሴ 11፣ ሰኞ፣ 4 ሰዓት

ሩቅያ መጣች። የአሻ ልጅ፣ ልትዳር ያለችው። አማቾቿ ከጅጅጋ መጥተዋል፣ የምሳ እንግዶች ናቸው። እማማ የሺ፣ እማዬ ሁለቱን ዶሮ ስጪኝ ብላሻለች አለችኝ።

ክዳኑን ከፈትኩ። አምስት ፌስታል፣ አምስት ወረቀት፣ አምስቱም ላይ ዶሮ።

ተ. ከኋላዬ ቆማለች። እጇን አጣምራ። እየጠፋብሽ ነው እንዴ እትዬ፣ ተጽፏል እኮ ትለኛለች። ሩቅያም ትጠብቃለች፣ ትቸኩላለች። እኔ ፌስታሎቹን በእጄ መዘንኩ። እንደሚያውቅ ሰው። ከበደ ያልኳቸውን ሁለቱን አነሳሁና ሰጠኋት።

ሄደች።


ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

አላስቻለኝም። ተ. ስትተኛ የቀሩትን ሦስቱን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አኖርኳቸው። የድሬ ፀሐይ ለአንድ ነገር ጠቀመኝ፤ ወዲያው ለቀቁ። ፈታኋቸው።

የኔ ዶሮ ይታወቃል። ቆዳው የተገፈፈ፣ በዐሥራ ሁለት ብልት የወጣ፣ በሎሚ የታጠበ። የአሻ ከነቆዳው ነው፣ አራት ቦታ ብቻ የተቆረጠ። አየሁ። የኔ ሁለት፣ የአሻ አንድ።

የኔ ሦስት ነበሩ።

አንዱ አሻ ቤት ነው። በአማቾቿ ፊት። የክርስቲያን እርድ፣ ከእኔ እጅ።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። የሽንኩርትና የሄል ሽታ ይመጣል። ሳሕን ይንኳኳል። አንድ ሽማግሌ በሶማሊኛ አንድ ነገር ይላል፣ ሁሉም ይስቃሉ። በልተዋል ማለት ነው። አሁን ገብቼ ምን እላለሁ? ልጅቷ ልትዳር ነው። በሠርጓ ዋዜማ አማቾቿን ሐራም አበላቻቸው ይባልላት?

ተመለስኩ። ሦስቱን ዶሮ ጠቅልዬ ፍሪዘሩ ውስጥ መለስኳቸው። ፈሪ ነኝ። ጻፍኩት።


ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

አሻ ጠዋት ጠዋት አጥሩን ሁለት ጊዜ ትመታለች። አድረሻል? ማለት ነው። እኔም መልሼ እመታለሁ። ይህን ሳናደርግ የዋልንበት ቀን ባሌ የሞተ ዕለትና እሷ የወለደች ዕለት ብቻ ነው።

ዛሬ አልመታችም።

በሯ ተዘግቷል። ልብስ አልተሰጣም። ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየሁ።

ደርሰውበታል። ካልደረሱበት ለምን ዝም ትላለች? ወይ ደግሞ ሳያውቁ በልተው አሟቸው። አይ፣ ዶሮው ንጹሕ ነው። ምን አሳሰበኝ ታዲያ፣ የዶሮው ንጽሕና? ሞኝ።

ተ. ፊትሽ ልክ አይደለም፣ ፆሙ ጎድቶሻል፣ በ6 ሰዓት ብትፈቺስ አለች። የቀይ ሽንኩርቱን ቅርጫት ደግሞ በትልቅና በትንሽ ለይታ አስቀመጠችው። እግዜር ያሳይህ።


ነሐሴ 13፣ ረቡዕ

ደብተሬ፣ ዋሽቼሃለሁ።

ተ. ጠይቃኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት እንደጠፋ። ክዳኑን ከፍታ እያየች እነዚህ ክሮች የምን ናቸው እትዬ አለችኝ። ክር ናቸው አልኳት። አውቃለሁ፣ ለምን ታሰሩ ነው የምልሽ አለች። እንዲሁ አልኳት።

እንዲሁ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልኳት አውቃለሁ። ጠይቃኝ ሳቅ ብላ ነበር። ማንበብ ከቻልሽ ምነው አትጽፊበትም ብላ። ያቺ ሳቅ። ባሌ ለእህቱ ደብተርና ዩኒፎርም ሲገዛ እኔ የሱን ቱታ ከግራሶ አጥብ ነበር። ያኔ የምንኖረው አዲስ አበባ ነበር፤ እሷ ት/ቤት ስትሄድ ያየኋት በመስኮት ነው። ይህን አታውቅም፣ ወይም ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁም። እና አንድ የማውቀውን ነገር፣ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር ለራሴ ያዝኩ። ጣፈጠኝም። ቅዳሜ ማታ እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

እሷ ደግሞ ከየት ታውቅ? አዲስ አበባ እሷ ባደገችበት ቤት ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ ሁሉ አንድ እርድ ነው። ሥጋ ሥጋ ነው ብላ በዓይነቱ ለየችው። ንጹሕ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም።

ሰኞ ለሩቅያ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ተ. አይደለችም። በሷ ፊት አላወቅሁም ማለት ሞት መስሎኝ ነው።

አሻ ዛሬም አልመታችም።

ነገ እሄዳለሁ። ብትሰድበኝም። ሥጋዋን ተሸክማ ብትወጣም።


ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ኦ ደብተሬ።

ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ቤቴ ሳልገባ። ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም። አሻ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ታራግፋለች። እነሱ ትናንት ከመሸ ነው ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ የገቡት፤ ለካ የሩቅያን አማቾች ዘመድ ለማስጠየቅ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወስዳቸው ነበር። ለዚህ ነው አጥሩ ዝም ያለው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስሞት።

ቆሜ አሻ በድዬሻለሁ አልኳት።

"ቁጭ በይ አቦ! እንዲህ ስትቆሚ የቀበሌ ሊቀመንበር ትመስይኛለሽ።"

አልቀመጥም አልኩ። ዶሮው፣ የሰኞው ዶሮ ብዬ ቀረሁ።

"የቱ? ዐሥራ ሁለቱ?"

ሳቀች። እኔ እያለቀስኩ እሷ ትስቃለች።

ለካ ፌስታሉን የፈታችው ሩቅያ ናት። እማ፣ ይሄን ዶሮ መኪና ሄዶበታል እንዴ፣ ብጥስጥሱ ወጥቷል ብላ ጠራቻት። አሻ መጥታ አየች። "ቆዳ የለ፣ ፈረሰኛው ለብቻ፣ መላላጫው ለብቻ። ወላሂ እጅሽን አወቅሁት የሺዬ። ይሄማ ለፍልሰታዋ ነው አልኩ።" ድስት ውስጥ አልገባም። ሳሕን አልነካም። በራሷ ዶሮ ላይ ከቀፊራ ገበያ ሥጋ አስጨምራ ሩዝ ሠራች፣ አማቾቹ ጠግበው ሄዱ፣ ልጅቷን ወደዷት።

ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም አልኳት። የማልተወው ነገር ይህ ነው፣ ይቅር ስባልም እጣላለሁ።

"እንግዳሽ አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። በሷ ፊት ላሳፍርሽ?"

የኔን ዶሮ ጥጉ ላይ ያለው ለስላሳ ቤት በረዶ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። የክርስቲያን ነው፣ አደራ ብላ። ነጭ ክር ስታጣ ከሩቅያ የሠርግ ነጠላ ጫፍ መዝዛ አስራበታለች።

ቁጭ አልኩ። ከእሑድ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ወረደ፤ ሲወርድ ተሰማኝ። አሻ ራሴን ይዛ ሳመችኝ። በሷና በኔ መካከል ምንም አልሆነም። ምንም። ሦስት ጊዜ ብጽፈው አልጠግብም። ምንም።


ነሐሴ 15፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ዶሮዎቹ ተለዩ። ፍየሉ ግን?

አሻ መጣች፣ ሁለታችን ፍሪዘሩ ላይ አጎነበስን። ፍየል እንደ ዶሮ አይደለም፤ የሷም የኔም ገበሬ ያመጣው የመልካ ጀብዱ ፍየል፣ በአንድ ዓይነት ቢላ የተቆራረጠ። ዘጠኙንም ገልብጣ አየች። "አምስቱ የኔ፣ አራቱ ያንቺ፣ ዘጠኙ የማንም" አለች። እሷ ተጠራጥራ አትበላም፣ እኔም እንደዚያው። ዘጠኝ ፌስታል ሥጋ በዚህ ዘመን!

መንገድ ዳር ያለችውን ክፍሌን የተከራየው ጓድ ትዝ አለን። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እግዜር የሚባል የለም፣ ሃይማኖት ጭቁኑን ማደንዘዣ ነው እያለ ዓመት ሙሉ ያስተማረን። ለሱ ቢሆን ምን ይለየዋል? ጠራነው፣ አሳየነው። ጓድ፣ ውሰድ፣ ሁሉም ያንተ ነው አልነው።

ደስ አለው። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና አለና ግራና ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"የማን እርድ ነው?"

አሻ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። ያልታወቀ ነው አልኩት። ጆሮው ቀላ። ግድ የለም፣ ለውሻዬ ይሆናል ብሎ ዘጠኙንም ታቅፎ ሄደ።

ውሻ የለውም።

እስከ እንባችን ሳቅን። ተ. ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ወጣች። ያን ጊዜ ነገርኳት። ክሩን፣ ቅዳሜ ሆን ብዬ ዝም ማለቴን፣ ሰኞን፣ ሁሉንም። በአሻ ፊት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እትዬ፣ ብትነግሪኝ እኮ በክሩ እደረድረው ነበር አለች። ይህን ብቻ።

ልክ ናት። ልክ ስትሆን ነው የምታናድደኝ። ዛሬ ግን ያን ያህል አልተናደድኩም።

ከዚያ ሦስታችን ሠራን። ተ. ጣውላ ፈልጋ መሐሉን ከፈለችው። ቀኙ የአሻ፣ ግራው የኔ። ሐሳቡ የሷ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ጽፌዋለሁ፣ አልነገርኳትም። ክር እኔና አሻ አሰርን። ተ. ቋጠሮ አታውቅም፣ ሁለቴ ፈታሁባት። አሳየኋት። ሦስተኛውን አወቀችበት።

ነገ ፍቺ ነው። ሦስቱም ዶሮ የኔ መሆኑ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ይኸውልህ፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት፦ ማን ቆሞ ቢያየኝ፣ ማን ቢቸኩልብኝ፣ ከእንግዲህ እየተጠራጠርኩ የሰው ምግብ ለሰው አላቀብልም።