አስፋልት ስለተቀባችው የፍሎፒ ካርድ

ለተከበሩ ጋሽ ልመንህ
የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ በር የጠና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴም ደህና ነው፣ በየቀኑ ይፋፋል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአቴን በአደባባይ እናዘዛለሁ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከጠረጴዛዎ ላይ ባነሳሁት ቀይ እስክሪብቶ ነው። ይቅር ካሉኝ እመልሳለሁ፤ ካላሉኝ ቀለሙ እስኪያልቅ ንስሐ እገባበታለሁ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ፦ እኔና የክፍል ጓደኛዬ ሙሉቀን መጋዘን ጥግ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አስነስተን ነበር። ሀርድ ዲስኩም፣ ሰፊውን ተጣጣፊ ፍሎፒ የሚያነበው ሳጥንም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት በአንዲት አረንጓዴ ካርድ በኩል ብቻ ነው። እናቴ ወይዘሮ ይታይሽ በወጣትነቷ የቢሮ ጸሐፊ ሳለች የአባቷን የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ቅኔ በእነዚያ ፍሎፒዎች አስቀምጣለች። አያቴ አርፈዋል፤ ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። አርብ ዕለት የመጀመሪያው ፍሎፒ ተከፍቶ አንዲት ጉባኤ ቃና ስክሪኑ ላይ ስትወጣ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው መብራት ጠፋ። እርስዎም «አይዞሽ ይታይሽ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ዝንብ አይነካውም፤ የቀረውን ሰኞ ታነቢያለሽ» አሏት። አመንንዎ።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሰኞ ስንመጣ ኮምፒውተሩን ሆዱ ተከፍቶ አገኘነው። ካርዷ ለዞን እንግዶች አዳራሹ ውስጥ በተዘጋጀው «የነገዋ ንፋስ መውጫ» ሞዴል ላይ በማስቲሽ ተለጥፋለች፤ ትልቁ ጥቁር ቺፕ መናኸሪያ፣ ትንንሾቹ የውኃ ታንከር ሆነዋል። ቅዳሜና እሁድ ተጀምሮ ያለቀ ከተማ በማየታችን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

፪. ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰኩት ወርቃማ ጥርሶቿ ጥቁር ቀለም ተቀብተው አስፋልት ተብለዋል። ሰፈራችን ሲለምን የኖረውን አስፋልት ካርዳችን ቀድማ በማግኘቷ እንኳን ደስ አላት።

፫. ለሽምግልና የላክኋቸው የጥበቃው አባ ደምሌ ሞዴሉን አይተው ተመለሱና፣ የእሳቸው ቤት የቱ ጋ እንደሚሆን እኔን ይጠይቁኛል።

፬. እኔ ራሴ ስጠይቅዎ «የሞተ ዕቃ ነው፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ። አርብ ዕለት ሲያነብ ቆመው ያዩት እርስዎ ነበሩ። እናቴ እስካሁን «ጋሽ ልመንህማ አያደርጉትም» ትላለች። እዚህኛው ላይ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ቃልዎ ግን አመሰግናለሁ። በእርግጥም ዝንብ አልነካውም።

ጉልበትዎን ስሜ፣ አንገቴን ግን ሳልደፋ፣ የከተማዎ የመጀመሪያዋ ተፈናቃይ
ፀደይ ምንይችል
የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የልጅ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ነገ እንግዶቹ መናኸሪያው ቦታ ላይ ባዶ ሜዳ ካዩ «ለኢንቨስተር የተከለለ ነው» ይበሏቸው። ይህን የምጽፈው አዳራሹ ውስጥ፣ ሞዴልዎ ፊት ተንበርክኬ ነው። ካርዷን በማስመሪያ አላቅቄያታለሁ። አስፋልቱ በላጲስ ይለቃል፤ ከሥሩ ወርቁ ሳይጫር ብቅ ብሏል። ሙሉቀን በመስኮት ተቀብሎኝ እናቴ ወዳለችበት እየሮጠ ነው። እኔም ይህን ደብዳቤ በባዶው ሜዳ ላይ በራስዎ ማስቲሽ ልለጥፍና ልከተ

«ፀደይ! አንቺ ፀደይ!»

አቤት፣ ጋሽ ልመንህ።