የትርንጎ አንድ ዓይን

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ድንች ላጥሁ። ልብስ አጠብሁ። ውኃው ሳልጨርስ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ፋሲካ ቢሮዋ ጠራችኝ። ስለ ቁጠባ የሚያስተምር የልጆች መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ ባለ ሥዕል፣ ዐሥራ ሁለት ገጽ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። "ልብ ወለድሽን ጀምሬው ነበር፤ ከበደኝ" አለች። ታዲያ ለምን እኔን? ርካሽ ስለሆንሁ? ስሜ ሽፋኑ ላይ እንደሚወጣ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ለምን?

እሺ አልሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

በአንድ ቀን ጻፍሁት። ይህን ያህል መቅለሉ ራሱ ደስ አላለኝም... ትርንጎ የምትባል ልጅ ሳንቲሟን በዱቄት ወተት ጣሳ ታጠራቅማለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ወንድሟ ስጪኝ ይላታል። "አልሰጥም" ትላለች። መጨረሻ ላይ ጠቦት ትገዛለች። ፋሲካ ስድስተኛውን ገጽ ወደደችው። ልጆች እምቢ ማለትን ይማሩ አለች።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ማን ይሰርቀዋል? ቢሆንም ቆለፍሁ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሠዓሊው መሪጌታ ገብረየሱስ ናቸው። የጉና ሰው፤ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ የኖሩ። ወረቀቱን ብሰጣቸው አልተቀበሉም። "አንብቢልኝ" አሉ። አነበብሁ። "ድገሚው" አሉ። ደገምሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በቃላቸው እየያዙት ነው መሰለኝ።

ስጨርስ ስለ ትርንጎ ምንም አልጠየቁም። ወንድሟ ገንዘቡን ለምን ፈለገው? ይህን ብቻ። አልተጻፈም አልኋቸው።

"ይሁን" አሉ።

ምን ማለት ነው ይሁን?

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

አምስት ሥዕል ደረሰ። ያምራል። ትርንጎ በትላልቅ ዓይኖቿ ፊት ለፊት ታየናለች። እኔን ትመስላለች? አትመስልም። ... ትንሽ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ስድስተኛው መጣ። ትርንጎ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ወንድሟ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን።

እዚህ አገር ላደገ ሰው ይህ አይተረጎምለትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል። አንድ ዓይን የይሁዳ ነው። የሰይጣን ነው። የሰቃዮቹ ነው። መሪጌታ ደግሞ እንዲሁ እጃቸው ስቶ አይስሉም።

ማን ነገራቸው?

ከይሻው በቀር የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

እዚህ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ይሻው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያኔ ባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደርሶት ነበር። መሳፈሪያና መመዝገቢያ ጎደለው። "ላቂ፣ ካለሽ አበድሪኝ" አለኝ። ጣሳዬ አልጋው ሥር ነበር። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር።

"የለኝም" አልሁት።

አልሄደም። ቀረ። በማግስቱ ጣሳው ከነበረበት ዞሮ አገኘሁት። ሳንቲሙ አልጎደለም። ሌባ፣ አልሁ በልቤ... ጊዜ አጥቶ እንጂ ሊወስደው ነበር። እንኳንም አልሰጠሁት። በዚያ ገንዘብ ጃኬት ገዛሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ እያልሁ ኖርሁ። እሱ ዛሬ እብናት እህል ይነግዳል። በበዓል በስልክ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን። ሌላ የለም።

አሁን አወራብኝ ማለት ነው። መጽሐፉ ሊታደል ነው። በስሜ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቄ ደወልሁለት። መሪጌታ ገብረየሱስን ታውቃቸዋለህ አልሁት።

"የትኛው መሪጌታ? እዚህ መሪጌታ ከኩንታል ይበዛል።"

አልሳቅሁም። አንድ ነገር ነግረሃቸዋል አልሁት። 

"ስለ ጣሳዋ ነው?"

እኔ ጣሳ የሚል ቃል አልተነፈስሁም። ለማንም አልተናገርሁም አለ፤ ደግሞስ ምን ብዬ? ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ወይስ ዘጋው? አላመንሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት አፉ ላይ ይዟት ካልኖረ እንዴት ወዲያው ጣሳ ይላል?

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውን ባጃጅ ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። የመጀመሪያው ሹፌር ብዙ አየኝ።

ቀለም እየበጠበጡ ነበር። ይሻውን አያውቁትም። እብናትን ካዩም ዘመን የለውም። ታዲያ ትርንጎ ለምን አንድ ዓይን ሆነች?

"ስለዋሸች።"

አልዋሸችም፤ "አልሰጥም" ነው ያለችው አልሁ። ወረቀቱን አወጣሁ። አላዩትም።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ስታነቢው አልሰጥም አልሽ። ስትደግሚው የለኝም አልሽ። እኔ የምይዘው ሲደገም ነው። በያዝሁት ሣልሁት።"

ቁጭ አልሁ። ዐርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲስት ያዳመጠ ጆሮ... ለምን ያኔውኑ አላረሙኝም ብላቸው፣ ድርሰቱ የኔ አይደለም፣ የቱ እውነት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ። አልሰጥም ያለች እንደሆነ ሁለተኛውን ዓይን እጨምርላታለሁ አሉ። ግማሽ ቀንም አይፈጅ።

ማንም አልነገራቸውም። እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ግማሽ ቀን ስለማይፈጅ ዓይን ሁለት ቀን አሰብሁ።

"አልሰጥም" የሚለውን ሰረዝሁ። "የለኝም" ብዬ ጻፍሁ። ጠቦቱም ቀረ። መጨረሻው ገጽ ላይ ትርንጎ ጣሳዋን ይዛ ወንድሟ ፊት ትቆማለች። መሪጌታን እዚያ ሁለት ዓይን ይሣሉላት አልኋቸው። ያንን ያኔ እናያለን አሉ፤ መጀመሪያ አንብቢልኝ።

ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ሁለቱም አንድ ሆነ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ፋሲካ ተቆጣች። ልጅቷን ዋሾ አደረግሻት እኮ። ወላጅ ምን ይላል? የማኅበሩ ቦርድ ካልተቀበለው ክፍያም የለም፣ መጽሐፍም የለም። ስሜን ከሽፋኑ አውጪው፣ ገጹን ግን አልለውጥም አልኋት። በልቤ ቦርዱን የምታነሳሳብኝ እሷው ናት አልሁ። ከዚያ ደግሞ... ማስረጃሽ የታለ?

ለይሻው ደወልሁ። ለገና ገበያ ስትመጣ ቤት ግባ አልሁት።

"ምን አጠፋሁ?" አለ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ቦርዱ ተቀበለው። የኋላ ሽፋኑ ላይ "መቆጠብ መልካም ነው" ተብሎ በትልቁ ይጻፍ አሉ። ይጻፍ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ይሻው መጣ። ጤፉን በጠዋት ሸጦ ጨርሷል። ሽሮ በላን።  ከዚያ ሥዕሎቹን ዘረጋሁለትና አነበብሁለት።  ስድስተኛውንም ገጽ እንደተጻፈው አነበብሁት። የለኝም፣ አለች ትርንጎ።

ወንድምየውን ረጅም ጊዜ አየው። "አፍንጫዬን አሳምረውልኛል" አለ። ከዚያ ጣቱን ጣሳው ላይ አሳረፈ።

"ክዳኗ ግን ቢጫ ነበር።"

መሪጌታ ቀይ ነው የቀቡት። ክዳኑን የት አየኸው አልሁት። በጨርቅ ጠቅልዬው ነበር እኮ።

"የለኝም ባልሽኝ ማግስት ቤቱ ባዶ ነበር። አወጣኋት። ከባድ ነበረች። ያዝኋት ያዝኋትና መልሼ አስገባኋት።"

"ለምን አልወሰድህም?"

"ያንቺ ነቻ።"

ሃያ ሁለት ዓመት በልቤ ሌባ ስለው እንደኖርሁ ነገርሁት። አቀርቅሬ ነው የነገርሁት።

"አውቃለሁ" አለ። "ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እንኳ ጣሳዋን በነጠላሽ ሥር ይዘሻት ነበር የምትሄጂው። ቅዳሴው መሐል ትንኳኳ ነበር።"

ሳቀ። እኔ ሳቄ ይሁን ልቅሶዬ የቀደመው አላውቅም።

ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቷል፤ ይመለሳል፣ እዚሁ ያድራል። ይህን የምጽፈው እስኪመጣ ነው። መሳቢያው ክፍት ነው። ቁልፉን የት እንዳኖርሁት ጠፋኝ። አልፈለግሁትም።