ሳቤቅ የዛፍ ስም ነውን?

ቤተ አልፋ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፬ ዓ.ም.፤ በተወለድሁ በሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር።

ይድረስ ለወዳጄ ለመሪጌታ ጥበቡ፤

ከኢየሩሳሌም ጎረቤቶቼ፣ ከዕብራይስጡ መምህር ከመናኼምና ከባለቤቱ ከዘሃቫ ጋር፣ እዚህ ባለው በጥንቱ ምኵራብ ወለል ላይ በጠጠር የተሣለውን የይስሐቅን መሥዋዕት ቆመን አየን። «ይኸው በጉ በዕፀ ሳቤቅ፤ የመስቀሉ ምሳሌ» ብል መናኼም ሳቀብኝ።

«ሳቤቅ የሚባል ዛፍ የት አለና? በእኛ ቋንቋ ጥልፍልፍ ቁጥቋጦ ማለት ነው። አባቶቻችሁ ቃሉን ሳይተረጉሙ ዛፍ አድርገው ተከሉት።»

አንተና እኔ ዕድሜ ልካችንን ያስተማርነው ምሳሌ ያመለጠን መሰለኝ። ዘሃቫ ግን ጎንበስ ብላ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጥቋጦው የታለ? በጉ ከዛፍ ታስሯል እኮ። ምን ያድርግ፣ ሠሪው አንተ ዘንድ አልተማረ» አለችው። መናኼም መነጽሩን ደጋግሞ ቢወለውልም ዛፉ እንደ ደብራችን ሥዕል ዛፍ ሆኖ ቀረ።

አይሁዳዊው ሠሪ መስቀልን እንዳላሰበ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አይቼ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ለደቀ መዛሙርትህ ቃሉን ጥልፍልፍ ብለህ ፍታላቸው፤ ዛፉን ግን አትቁረጥባቸው።

ለወይዘሮ የሺመቤትና ለጉባኤ ቤቱ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ወረቀቱ ጠበበኝ፤ ቴምብሩን ለጥፌ፣ ማኅተም አስመትቼ እልከዋለሁ።