አረንጓዴው በር፦ የወ/ሮ እታለም ፈንታ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ እታለም ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ በላይ በ1964 ዓ.ም. በወሎ፣ አምባሰል ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል፤ የቀረውን ያስተማራቸው ሥራ ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአሶሳ ከተማ መኪና ቀቢ ከነበሩት ከአቶ ዳምጠው ጋር ጋብቻ መሥርተው ነብዩንና ሊድያን ወልደዋል። ወ/ሮ እታለም አሮጌውን ቀለም በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፤ አቶ ዳምጠው አዲሱን ይቀባሉ። ሴት መኪና ስትፍቅ አይተው የማያውቁ ደንበኞች በአጠገባቸው አልፈው "ባለሙያው የታል?" ይሉ ነበር። ቶሎ በሉ ለሚል ደግሞ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ነጠላ መደረብ ነው። ጤነኛውን ግን አንነካም።" ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

አቶ ዳምጠው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በመጨረሻ የቀቧት የጎረቤታችን የአቶ ኻሚስ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነበረች፤ አረንጓዴ። ወ/ሮ እታለም መንገድ ላይ ሲያገኟት ቆመው ያሳልፏት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቀለሟ ያብጥ ጀመር፤ ከሥሩ ዝገት ገብቷል። ካልተፋቀች ማለቋ ነው። ወ/ሮ እታለም ግን "የሱን እጅ በእጄ አልፍቅም" አሉ። አቶ ኻሚስ ሌላ ባለሙያ ጋ መውሰድ ይችሉ ነበር። "እታለም እምቢ ካለች እኔም እምቢ" ብለው መኪናዋን ማንጎ ሥር አቆሟት፤ ሁለት ዓመት በእግራቸው ገበያ ተመላለሱ።

እናታችንን ያሸነፋቸው ይህ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ስፓቱላቸውን ይዘው ማንጎው ሥር ሄዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ልጃቸው ሊድያ ሥራው ይፍጠን ብላ መፋቂያ ማሽን ብታመጣ "ወዲያ በይልኝ! አባትሽን በማሽን?" ብለው ተቆጧት። የፋቁትን በዚያው ቀን ዝገት የሚከላከለውን ቀይ ቀለም፣ አንቲራስት፣ እየቀቡ፣ አንዳንዴ እያለቀሱ፣ አንዳንዴም "እዚህ ጋ ሰንፈሃል ዳምጤ!" እያሉ ስምንት ወር ሠሩ። የሾፌሩን በር ለመጨረሻ አቆዩት። ቀርበው እንኳ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ኅዳር 9 ቀን ከአልጋቸው ሆነው ሊድያን "በሩን ጨርሺልኝ፤ ዝገት አይብላው። አባትሽ አይቀየምም" ብለው አዘዟት። ሊድያ በማግስቱ በሩን ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ማጠፊያው ድረስ አየችው፤ በጣቷም እያንኳኳች ፈተሸችው። አንድም ዝገት የለበትም። ስፓቱላውን ጥላ ወደ ሆስፒታል ብትሮጥም አልደረሰችም። ወ/ሮ እታለም ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ወ/ሮ እታለም የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ዛሬ አስከሬናቸውን ይዛ የመጣችው ያችው መኪና ናት። ሁለመናዋ ቀይ ሆኖ አንድ በሯ ብቻ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ስትጠያየቁ ሰምተናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቀድመዋቸው ከሄዱት ባለቤታቸው ጋር በዕረፍት ቦታ ያገናኝልን፤ ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። ሊድያ ሮጣ ልትነግራቸው ያልደረሰችበትን አንድ ቃል ግን እዚህ ትናገር፦

እማዬ፣ በሩ ጤነኛ ነው። የአባዬን እጅ አልነካሁትም።